ሽምብራ የምታህል ዕጢ መግል ስትቋጥር

«የጭንቅላት ዕጢ» ሲባል የማይደነግጥ ቤተሰብ አላየሁም። አማርኛችን ሆርሞን የሚያመነጨውን ጤነኛ አካልም፣ ያለቦታው የበቀለውን እባጭም ዕጢ ይላቸዋልና ድንጋጤው አይገርመኝም። ፒቱታሪ ዕጢ ግን ሁላችንም አለን። ሽምብራ ታህላለች፣ ግማሽ ግራም ገደማ ትመዝናለች፤ ከአፍንጫ ኋላ ኮርቻ በሚመስል አጥንት ላይ ተቀምጣ ሌሎቹን ዕጢዎች ታዛለች። ይህን ማንኛውም የጤና መጽሐፍ ይነግራችኋል።

የዓይን ነርስ ነኝና እኔን የሚማርከኝ ጉርብትናዋ ነው። ከእሷ አንድ ሴንቲሜትር ያህል ከፍ ብሎ የሁለቱ ዓይኖች ነርቮች ይገናኛሉ። የጎን የጎኑን እይታ፣ ማለትም በጆሮ በኩል ያለውን ዓለም የሚያመጡት ክሮች እዚያ ይሻገራሉ። ዕጢዋ አብጣ ከታች ስትጫናቸው መጀመሪያ በጎን በኩል ከላይ ያለው ይደበዝዛል፤ ቀስ በቀስ ጎኑ በሙሉ ይጨልማል። ፊት ለፊት ያለው ግን ጥርት ብሎ ይታያል። ክፋቱም እዚህ ላይ ነው።

አንዲት ልብስ ሰፊ እኛ ዘንድ ስትመጣ ሁለት መነጽር ለውጣ ነበር። የፊደል ሰሌዳውን እስከ ታችኛው መስመር አነበበችልኝ።

«እትዬ፣ ታዲያ ምኑ ነው የቸገረዎት?»

«መርፌ ላይ ክር ማስገባት አቃተኝ፣ ልጄ። ገበያ ስሄድ ደግሞ ሰው ከመሬት የበቀለ ይመስል ድንገት ትከሻዬን ይገጨኛል።»

ቀኝ ዓይኗን በመዳፏ አስሸፍኜ አፍንጫዬን እንድታይ ነገርኳት። የቀይ እስክሪብቶ ክዳን ያዝኩና ከአፍንጫዋ በኩል ወደ ግራ ጆሮዋ ቀስ እያልኩ ወሰድኩት። «ቀይ… ቀይ…» አለችና መካከሉን እንዳለፈ «አሁን ቡናማ ሆነ» አለች። ትንሽ ራቅ ሳደርገው ጨርሶ ጠፋባት። በሌላው ዓይን ያንኑ ብደግም፣ ወደ ቀኝ ጆሮዋ ሲሄድ ያው ሆነ። ልክ መካከል ላይ መጋረጃ የተሰቀለ ያህል!

ይህ ምርመራ ከአንድ ክዳንና ከጥቂት ደቂቃ ሌላ ምንም አይጠይቅም። ሆኖም ስንት ባለሙያ የታካሚውን ሁለት ዓይን ከፍቶ ጣት እያስቆጠረ «ደህና ነው» ይላል! አንዱ ዓይን ያጣውን አብዛኛውን ሌላው ይሸፍንለታል። እባካችሁ አንድ በአንድ ሸፍኑ። ሰሌዳው የሚለካው የመካከሉን እይታ ብቻ ነው።

እንዲህ ያለ የጎን መጥፋት ብዙውን ጊዜ የሚመጣው ከካንሰር ካልሆነ የፒቱታሪ እባጭ ነው። መግል ከዕጢዋ ሕመሞች መካከል ከመቶ አንድ እንኳ አይሞላም፤ ስለዚህ ማንም አያስበውም። ትኩሳትም ብዙ ጊዜ የለውም። በኤምአርአይ ዙሪያው ቀለበት፣ መሃሉ ጥቁር ሆኖ ሲታይ ፈሳሽ የቋጠረ እባጭ ይመስላል። የመግልን ውፍረት የሚያጎላው ልዩ የኤምአርአይ ምስል መሃሉን አብርቶ ካሳየ ጥርጣሬው ያይላል። እኔ ግን ከምስሉ በፊት «ሌሊት ስንት ጊዜ ለሽንት ይነሳሉ?» ብዬ እጠይቃለሁ። ተራው እባጭ ከቀዶ ሕክምና በፊት የማይረካ ጥምና ብዙ ሽንት እምብዛም አያመጣም፤ ኢንፌክሽን ግን ደጋግሞ ያመጣል። ልብስ ሰፊዋ የውኃ ጆግ ከአልጋዋ ሥር አይጠፋም ነበር፤ ቀድሞም ቲቢ ታክማለች።

ቀዶ ሕክምናው የሚገባው በአፍንጫ በኩል ነው። ከዚያ በፊት ግን የኮርቲሶል መጠን መታየት አለበት፤ ካነሰ መተኪያው ከታይሮይድ መድኃኒት ይቀድማል። ቅደም ተከተሉን ማዛባት ሕይወት ያስከፍላል።

የወጣውን ናሙና በሙሉ ፎርማሊን ውስጥ መጨመር ሌላው የሚያናድደኝ ስህተት ነው። ፎርማሊን ጀርሙን ስለሚገድል ላቦራቶሪው የሚያበቅለው ነገር አያገኝም። አንዱ ብልቃጥ ከፎርማሊን ጋር ለፓቶሎጂ፣ ሌላው ንጹሕና ደረቅ ሆኖ ለካልቸርና ለጂን ኤክስፐርት ይሂድ። እንዲያም ተደርጎ ካልቸሩ ብዙ ጊዜ ባዶ ይወጣል፤ በተለይ ታካሚው አስቀድሞ ከፋርማሲ ገዝቶ አንቲባዮቲክ ከዋጠ። የልብስ ሰፊዋ ካልቸርም ምንም አላበቀለም። ቲቢ መሆኑን የለየው ከሁለተኛው ብልቃጥ የተሠራው ጂን ኤክስፐርት ነው።