መቶ ሚሊዮን ፓውንድ ለ15 ተጫዋች

ፋንታሲ ፕሪሚየር ሊግ የእንግሊዝ ፕሪሚየር ሊግ ራሱ የሚያዘጋጀው፣ በነፃ የሚመዘገቡበት የኢንተርኔት ጨዋታ ነው። የተጀመረው በ2002/03 የውድድር ዘመን ሲሆን (እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በ2024/25 በዓለም ዙሪያ ከ11 ሚሊዮን በላይ ሰው ተመዝግቦበታል። ኢትዮጵያ ውስጥም «ፋንታሲ» ሲባል በአብዛኛው የሚታሰበው ይኸው ነው። ማናጀር የሚባለው ሰው 100 ሚሊዮን የምናብ ፓውንድ ይሰጠውና 2 ግብ ጠባቂ፣ 5 ተከላካይ፣ 5 አማካይ እና 3 አጥቂ ይገዛል። ከአንድ ክለብ ከ3 በላይ መውሰድ አይችልም፤ ይህች ገደብ ብዙ የአርሰናልና የማንቸስተር ዩናይትድ ደጋፊን ከገዛ ፍቅሩ አድናለች። ከዚያ በኋላ ነጥብ የሚመጣው የተገዙት ተጫዋቾች በእውነተኛው ሜዳ ላይ በሚሠሩት ሥራ ነው።

60 ደቂቃ የተጫወተ 2 ነጥብ፣ ከዚያ በታች የቆየ 1 ነጥብ ያገኛል። አንድ ጎል ለአጥቂ 4፣ ለአማካይ 5፣ ለተከላካይ 6 ነጥብ ያስገኛል፤ አሲስት፣ ማለትም ለጎል የበቃ ኳስ ማቀበል፣ ለሁሉም 3 ነው። ቡድኑ ጎል ሳይቆጠርበት ሲወጣ፣ በማናጀሮች አነጋገር ክሊን ሺት ሲይዝ፣ ግብ ጠባቂውና ተከላካዩ 4፣ አማካዩ 1 ይጨመርላቸዋል። ቢጫ ካርድ 1፣ ቀይ 3፣ የተሳተ ፍፁም ቅጣት ምት 2 ያስቀንሳል። በየጨዋታው ጎልተው ለወጡት ደግሞ 3፣ 2 እና 1 የቦነስ ነጥብ ይታደላል። ከ2025/26 ጀምሮ የመከላከል ሥራም መቆጠር ጀምሯል፤ በአንድ ጨዋታ ኳስ በማራቅ፣ በማቋረጥ፣ ምት በመሸፈንና በመንጠቅ ተደምሮ 10 የሞላለት ተከላካይ 2 ነጥብ ያገኛል። በዚህ ደንብ ምክንያት ቡድናቸው ዘወትር የሚጠቃ፣ ክሊን ሺት የማይጠበቅባቸው ርካሽ ተከላካዮች ከበፊቱ የተሻለ ዋጋ አላቸው።

ጀማሪ ከዚህ የነጥብ አሰጣጥ ውስጥ በመጀመሪያ ሊያየው የሚገባው የመደብ ጉዳይ ነው። በጨዋታው መዝገብ አማካይ ተብሎ ሜዳ ላይ ግን ጎል አጠገብ የሚውል ተጫዋች ከሁሉም ይበልጣል። የሊቨርፑሉ መሐመድ ሳላህ በ2024/25 29 ጎልና 18 አሲስት አስመዝግቦ 344 ነጥብ ሰብስቧል፤ በአንድ የውድድር ዘመን ከዚያ በፊት ማንም ያላገኘው ነጥብ ነበር። በመዝገቡ ላይ አጥቂ ተብሎ ቢሆን ኖሮ እነዚያው ጎሎች ብቻ 29 ነጥብ ያንሱ ነበር፤ ከክሊን ሺት የሚገኘውም ይቀርበታል።

ሁለተኛው ጉዳይ ደቂቃ ነው፤ አዲስ ማናጀሮች በብዛት የሚሳሳቱትም እዚህ ላይ ነው። የታላቅ ክለብ ተጫዋች መሆን ብቻውን ነጥብ አያመጣም። ኮል ፓልመር ማንቸስተር ሲቲ ሳለ ከተጠባባቂ ወንበር ብዙ የማይነሳ ወጣት ነበር። በሴፕቴምበር 2023 መጀመሪያ ወደ ቼልሲ ሲሄድ በጨዋታው ውስጥ ዋጋው 5 ሚሊዮን ፓውንድ ገደማ ነበር። ቼልሲ በየሳምንቱ አሰለፈው፣ ፍፁም ቅጣት ምቱንም ሰጠው፤ 22 ጎል አግብቶ (9ኙ በፍፁም ቅጣት ምት ነው) የውድድር ዘመኑን በ244 ነጥብ ከሁሉም በላይ ሆኖ ጨረሰ። ስለዚህ አንድን ተጫዋች ከመግዛት በፊት በመጨረሻዎቹ አራት ወይም አምስት ጨዋታዎች ስንት ደቂቃ እንደተጫወተና ቅጣት ምት፣ ፍፁም ቅጣት ምት ወይም ማዕዘን ምት የሚመታው እሱ መሆን አለመሆኑን ማየት ከስሙ የበለጠ ይጠቅማል። በሳምንቱ አጋማሽ የአውሮፓ ጨዋታ ያለባቸው ክለቦች አሰላለፋቸውን ይቀያይራሉ፤ ፔፕ ጓርዲዮላ በማንቸስተር ሲቲ አሰልጣኝነቱ የሚያወጣውን አሰላለፍ አስቀድሞ ለማወቅ መሞከር በማናጀሮች ዘንድ የታወቀ መቀለጃ ሆኖ ቆይቷል።

ገንዘቡ እንዴት እንደሚከፋፈል በቀላል ስሌት ይታያል። ነጥብ የሚቆጠረው ለተሰለፉት 11 ስለሆነ በተጠባባቂ ወንበር ላይ ብዙ ገንዘብ ማስቀመጥ ብክነት ነው። 4 ሚሊዮን የሚያወጣ ግብ ጠባቂ፣ 4 ሚሊዮን የሚያወጣ ተከላካይ፣ 4.5 ሚሊዮን የሚያወጡ አንድ አማካይና አንድ አጥቂ ቢያዙ ወንበሩ በ17 ሚሊዮን ይሞላል፤ ለአሥራ አንዱ 83 ሚሊዮን ይተርፋል። የማንቸስተር ሲቲው አጥቂ ኤርሊንግ ሃላንድ በ2024/25 መጀመሪያ 15 ሚሊዮን ያወጣ ነበር። እሱ ከተገዛ ለቀሪዎቹ አሥር ሰዎች 68 ሚሊዮን፣ በነፍስ ወከፍ 6.8 ሚሊዮን ማለት ነው። ይህ ሊያስፈራ አይገባም፤ ጥሩ ቡድን የሚሠራው ከሁለት ወይም ከሦስት ውድ ሰዎችና በየሳምንቱ ከሚሰለፉ መካከለኞች ነው። ርካሾቹም ቢሆኑ ከነጭራሹ የማይጫወቱ መሆን የለባቸውም። ከተሰለፉት አንዱ ሜዳ ሳይረግጥ ቢቀር ጨዋታው ራሱ ከወንበሩ በማናጀሩ ቅደም ተከተል ይተካለታል፤ የሚተካው ግን ቢያንስ 3 ተከላካይ፣ 2 አማካይና 1 አጥቂ በሚለው ሥርዓት ውስጥ ነው።

የካፒቴን ምርጫ በየሳምንቱ ከሚደረጉት ውሳኔዎች ሁሉ ይከብዳል፤ ነጥቡ በእጥፍ ይታሰባልና። ካፒቴኑ ጨርሶ ካልተጫወተ እጥፉ ወደ ምክትሉ ይሄዳል፤ የአንድ ደቂቃ ተቀያሪ ሆኖ ከገባ ግን ምክትሉ ምንም አያገኝም። በ38ቱ ሳምንታት በብልጠት ለመለየት መሞከር የሚያምራቸው አሉ። በሜዳው ከደካማ ቡድን ጋር የሚጫወት፣ ፍፁም ቅጣት ምት የሚመታ፣ ብዙ ሰው የያዘው አጥቂ እያለ ሌላ ፍለጋ መሄድ ግን ብዙ ጊዜ ኪሳራ ነው።

ዝውውር ላይ ትዕግሥት ያለው ማናጀር ይጠቀማል። በየሳምንቱ አንድ ነፃ ዝውውር ይሰጣል፤ ያልተጠቀሙበት እስከ 5 ይጠራቀማል፤ ከነፃው በላይ የሚደረግ እያንዳንዱ ዝውውር 4 ነጥብ ያስቀንሳል። አራት ነጥብ ትንሽ ትመስላለች። ነገር ግን 60 ደቂቃ ተጫውቶ ምንም ያልሠራ ሰው 2 ነጥብ ያገኛል፤ አዲሱ ሰው ደግሞ አሲስት ጨምሮ 5 ቢያመጣም ትርፉ 3 ብቻ ነው፣ ከቅጣቱ ያንሳል። እሁድ ማታ በብስጭት የሚደረግ ዝውውር ደግሞ ሌላ ጣጣ አለው፤ ረቡዕ የሚጎዳውን፣ ዓርብ አሰልጣኙ በጋዜጣዊ መግለጫ የሚናገረውን ማንም አያውቅም።

ለችኮላ የሚገፋፋው አንዱ ምክንያት የዋጋ ለውጥ ነው። ብዙ ሰው የሚገዛው ተጫዋች ዋጋው በ0.1 ሚሊዮን ከፍ ይላል፣ የሚሸጡት ዝቅ ይላል። ሲሸጥ ግን ትርፉ ሁሉ ለማናጀሩ አይደለም። በ7 ሚሊዮን የተገዛ ተጫዋች 7.3 ሲገባ ቢሸጥ ከ0.3 ትርፍ ግማሹ፣ ያውም ወደ ታች ተጠጋግቶ፣ ይሰጣል፤ ስለዚህ 7.1 ሚሊዮን ነው የሚገኘው። ለዚህች 0.1 ተብሎ መረጃ ሳይሟላ መቸኮል አያዋጣም።

ቺፕ የሚባሉት ልዩ ካርዶች አራት ዓይነት ናቸው። ዋይልድካርድ ቡድኑን በሙሉ ያለ ቅጣት ለመቀየር ያስችላል፤ ፍሪ ሂት ይህንኑ ለአንድ ሳምንት ብቻ ያደርግና ቡድኑ ወደ ነበረበት ይመለሳል፤ ቤንች ቡስት በወንበር ላይ ያሉትን አራቱንም ያስቆጥራል፤ ትሪፕል ካፒቴን የካፒቴኑን ነጥብ ሦስት እጥፍ ያደርጋል። በ2025/26 ደንብ እያንዳንዱ ሁለት ጊዜ ይሰጣል፤ የመጀመሪያው ዙር እስከ 19ኛው ሳምንት ካልተጠቀሙበት ይቃጠላል፤ በአንድ ሳምንት ሁለት ቺፕ አይፈቀድም። ለቺፕ ምቹው ጊዜ አንዳንድ ክለቦች በአንድ ሳምንት ሁለት ጊዜ የሚጫወቱበት ድርብ ሳምንት ነው። ይህ የሚፈጠረው በዋንጫ ጨዋታ ወይም በአየር ጠባይ ምክንያት የተላለፈ ጨዋታ ሲደራረብ ነው። ዲሴምበር 7 ቀን 2024 ሊደረግ የነበረው የኤቨርተንና የሊቨርፑል ጨዋታ በዐውሎ ነፋስ ምክንያት ተላልፎ ወደ 24ኛው ሳምንት ገባ። ሳላህ በዚያ ሳምንት በርንማውዝ ላይ ሁለት ጎል አገባ፣ በኤቨርተን ሜዳ በጉዲሰን ፓርክ ደግሞ አንድ አግብቶ አንድ አቀበለ፤ 29 ነጥብ ሆነለት። ካፒቴን ላደረገው 58፣ ትሪፕል ካፒቴኑን ቆጥቦ ለቆየው 87 ነጥብ ነበር።

እንዲህ ዓይነት ነገሮች ከመርሐ ግብሩ አስቀድመው ይታያሉ። ዲሴምበር 2025 ሞሮኮ ላይ የአፍሪካ ዋንጫ ሲጀመር ሳላህን የመሰሉ ተጫዋቾች ለሳምንታት እንደሚጠፉ ስለታወቀ፣ ጨዋታው በ16ኛው ሳምንት የሁሉንም ማናጀር ነፃ ዝውውር ወደ 5 ሞልቷል። ይህን አስቀድሞ ያወቀ ሰው ከዚያ በፊት የነበሩትን ዝውውሮች ሳያጠራቅም ተጠቀመባቸው።

የሰዓቱ ነገር በተለይ አዲስ አበባ ላለ ማናጀር ጥንቃቄ ይፈልጋል። ዴድላይኑ፣ ማለትም ቡድን መቀየር የሚዘጋበት ሰዓት፣ የሳምንቱ የመጀመሪያ ጨዋታ ከመጀመሩ 90 ደቂቃ በፊት ነው። ቅዳሜ በለንደን ሰዓት 12:30 በሚጀመር ጨዋታ የሚከፈት ሳምንት፣ እንግሊዞች የበጋ ሰዓታቸው ላይ ሳሉ በኢትዮጵያ ከቀኑ 7 ሰዓት ይዘጋል። በኦክቶበር የመጨረሻ እሁድ፣ በእኛ ጥቅምት አጋማሽ ገደማ፣ ሰዓታቸውን ወደ ኋላ ሲመልሱ 8 ሰዓት ይሆናል፤ መጋቢት ውስጥ ደግሞ ተመልሶ 7 ሰዓት ይገባል። ብዙ ማናጀር ቡድኑ ሳይነካ የሚቀርበት ይህ የመጋቢቱ ለውጥ ነው፤ አንድ ሰዓት ይቀረኛል ብሎ ሲጠብቅ ተዘግቶ ያገኘዋል። ዓርብ ማታ ጨዋታ ካለ ዴድላይኑም ዓርብ ነው።

በዓለም ደረጃ ሚሊዮኖችን ማለፍ ለጀማሪ ሩቅ ነው፤ እውነተኛው ፉክክር ያለው የመሥሪያ ቤት ባልደረቦች፣ የሰፈር ልጆች ወይም በተለያየ አገር ያሉ ጓደኛሞች በኮድ በሚገቡባቸው ትንንሽ ሊጎች ውስጥ ነው። እዚህ ስልቱ እንደ ደረጃው ይለያያል። የሚመራ ሰው ተከታዮቹ የያዙትን ተጫዋችና የሚመርጡትን ካፒቴን ይዞ ቢሄድ ልዩነቱ ይጠበቅለታል። ከኋላ ያለው ግን ያንኑ ቢያደርግ ርቀቱ አይጠብም፤ እሱ ጥቂት ሰው የያዘውን፣ መርሐ ግብሩ የተመቸውን አንድ ወይም ሁለት ተጫዋች መድፈር አለበት፣ ቡድኑን በሙሉ ሳይሆን። በመጨረሻው ሳምንት ሁለት ማናጀሮች እኩል ነጥብ ይዘው ቢጨርሱ ደንቡ የሚያስቀድመው በውድድር ዘመኑ ያነሰ ዝውውር ያደረገውን ነው።