«ቃሏን ለወጠች»፦ የአእምሮ ቁስልና ትውስታ፣ ተረቱና እውነታው

ከጥቂት ዓመታት በፊት አውሮፓ ውስጥ ለጥገኝነት ጠያቂዎች አስተረጉም ነበር። አንድ ቀን ለሁለተኛ ጊዜ ተጠርታ ቃሏን ከምትሰጥ እናት አጠገብ ተቀመጥኩ። በመጀመሪያው ቃሏ በሩን ሰብረው የገቡት ሦስት ሰዎች ነበሩ፤ በዚያ ቀን አራት አለች። መጀመሪያ «ዝናብ ነበር» ብላ ነበር፤ አሁን ዝናቡ ትዝ አይላትም። ጠያቂው ሁለቱን ወረቀቶች ጎን ለጎን አድርጎ «የትኛውን ልመን?» አላት። በሩ ሲሰበር፣ ባሏ ሲጎተት፣ ልጇ ስትጮህ የሆነውን ግን ሁለቱንም ጊዜ ያለ ምንም ልዩነት ነው የተናገረችው። ስንወጣ ኮሪደሩ ላይ ቆም ብላ «ወንድሜ፣ እኔ እኮ ያየሁትን ነው የነገርኳቸው» አለችኝ። የምመልስላት አጣሁ።

አእምሮ ሲቆስል ወይም ሲታመም ትውስታና ግንዛቤ ምን እንደሚሆኑ የተጠናውን ማንበብ የጀመርኩት ከዚያን ቀን ወዲህ ነው። በፍርድ ቤት፣ በሽምግልና፣ በየቤታችንም ጭምር ስንቱን ሰው ያለ ጥፋቱ «ውሸታም» እንዳልነው የገባኝም ያኔ ነው። ስለዚህ በብዛት የሚነገሩትን አንድ በአንድ ላንሣ።

ተረት 1፦ ትውስታ እንደ ቪዲዮ ነው፤ የተቀረጸው እንደተቀረጸ ይቀመጣል።

እውነታው፦ እ.ኤ.አ. በ1974 ኤልዛቤት ሎፍተስና ጆን ፓልመር የተባሉ አሜሪካውያን ተመራማሪዎች ለተማሪዎች የመኪና ግጭት ፊልም አሳዩ። ከዚያ ስለ መኪኖቹ ፍጥነት ሲጠይቁ ለ50ዎቹ «ተላትመው ሲንኮታኮቱ» የሚል ዓይነት ኃይለኛ ቃል፣ ለሌሎች 50ዎቹ ደግሞ «ሲጋጩ» የሚል ለዘብ ያለ ቃል ተጠቀሙ። ከሳምንት በኋላ «የተሰበረ መስታወት አይታችኋል?» ተብለው ሲጠየቁ ኃይለኛውን ቃል ከሰሙት 16ቱ፣ ለዘብ ያለውን ከሰሙት 7ቱ «አዎ» አሉ። ፊልሙ ውስጥ የተሰበረ መስታወት አልነበረም። የዋሸም ማንም አልነበረም።

ማስታወስ እንጀራ እንደ መጋገር ነው። እርሾው የትናንት ነው፤ እሳቱና ምጣዱ ግን የዛሬ። የተጠየቅንበት ቃል፣ የዛሬው ስሜታችን፣ ከሌላ ሰው የሰማነው ሁሉ ሊጡ ውስጥ ይገባል። ለቅሶ ቤት ለመጣው ሰው ሁሉ «እንዴት ሆነ?» እየተባለ ደጋግሞ የሚተርክ ሐዘንተኛ በሦስተኛው ቀን የሚናገረው በመጀመሪያው ቀን ከተናገረው ትንሽ ቢለይ ሊገርመን አይገባም።

ተረት 2፦ እንዲህ ያለ ክፉ ቀን መቼም አይረሳም፤ ጥቃቅኑ ሁሉ ይታወሳል።

እውነታው፦ ዋናው ነገር ይቀራል፤ ዙሪያው ግን ይሳሳል፣ ይዛባልም። ጥር መጨረሻ 1986 እ.ኤ.አ. ቻሌንጀር የተባለችው የአሜሪካ የጠፈር መንኮራኩር ስትፈነዳ፣ በማግስቱ በኤሞሪ ዩኒቨርሲቲ ያሉ ተማሪዎች ዜናውን የትና ከማን እንደሰሙ በጽሑፍ አሰፈሩ። ከሁለት ዓመት ተኩል በኋላ 44ቱ እንደገና ሲጠየቁ ሩብ ያህሉ ስለ ሁሉም ዝርዝር የተሳሳተ መልስ ሰጡ። ብዙዎቹ ግን ስለ መልሳቸው እርግጠኞች ነበሩ። በእርግጠኝነት መናገር ለትክክለኛነት ዋስትና እንደማይሆን ከዚህ በላይ የሚያሳይ የለም።

ፍርሃቱ በራስ ላይ ሲደርስስ? ቻርልስ ሞርጋንና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2004 ባወጡት ጥናት ከ500 በላይ የአሜሪካ ወታደሮች በምርኮ ሥልጠና ላይ ጥብቅ ምርመራ ተደረገባቸው። ከሥልጠናው እስር ወጥተው ከአንድ ቀን በኋላ መርማሪያቸውን ከሰዎች መካከል እንዲለዩ ሲጠየቁ፣ በከባድ ጭንቀት ውስጥ የመረመራቸውን ሰው መለየት ያቃታቸው በቀላል ጭንቀት የመረመራቸውን መለየት ካቃታቸው እጅግ ይበልጡ ነበር። ፊት ለፊት ቁጭ ብለው ያዩት ሰው ነው!

ምክንያቱ የአእምሮ አሠራር ነው። በአደጋ ጊዜ አሚግዳላ የተባለው የአእምሮ ክፍል የማስጠንቀቂያ ደወሉን ይደውላል፤ የጭንቀት ሆርሞኖች ይለቀቃሉ፤ ትኩረት ወደ አንድ ነጥብ ይጠብባል። ሽጉጥ የተደቀነበት ሰው ዓይኑ አፈሙዙ ላይ ይተከላል፤ የያዘውን ሰው ፊት ላያይ ይችላል። ነገሮችን ከቦታና ከጊዜ ጋር አያይዞ የሚያደራጀው ሂፖካምፐስ ደግሞ በዚያ ሁሉ ውጥረት ሥራውን በሚገባ አይሠራም። ስለዚህ ሽታው፣ ድምፁ፣ ድንጋጤው በኃይል ይቀረጻል፤ ቅደም ተከተሉና ሰዓቱ ግን ይላላል።

ጊዜ ራሱ ይለጠጣል። ዴቪድ ኢግልማንና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2007 ባወጡት ጥናት ሰዎችን ከ31 ሜትር ከፍታ ወደ መረብ ጣሏቸው። ተሳታፊዎቹ የራሳቸው አወዳደቅ የሌሎችን ሲያዩ ከገመቱት በአንድ ሦስተኛ ገደማ የረዘመ መሰላቸው። ዓይናቸው ግን ከወትሮው ፈጥኖ አላየም። «ሰዓቱ ቆመ» የሚል ሰው የተሰማውን ነው የሚናገረው፤ የደቂቃውን ቁጥር ግን ከእሱ መጠበቅ አይገባም።

ተረት 3፦ ቃሉን የለዋወጠ ውሸታም ነው።

እውነታው፦ ወደዚያች እናት የሚመልሰኝ ይህ ነው። ጄን ኸርሊሂና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ2002 ከኮሶቮና ከቦስኒያ መጥተው እንግሊዝ አገር የመኖሪያ ፈቃድ የተሰጣቸውን ስደተኞች ስለ ደረሰባቸው ነገር ሁለት ጊዜ ጠየቁ። ፈቃዱ በእጃቸው ነው፤ የሚዋሹበት ምክንያት የላቸውም። ሆኖም በሁለቱ ቃሎች መካከል ልዩነት የተለመደ ሆኖ ተገኘ። ልዩነቱ የበዛው በዋናው ነገር ሳይሆን በዳር ዳሩ ዝርዝር ላይ ነበር። ድኅረ አደጋ የጭንቀት ሕመም የበረታባቸው ላይ ደግሞ በሁለቱ ጥያቄዎች መካከል ያለው ጊዜ በረዘመ መጠን ልዩነቱ ይጨምር ነበር። እንደዚያች እናት የሰዎቹን ቁጥርና ዝናቡን የሚያምታታ፣ የባሏን መወሰድ ግን የማይስት ትውስታ ማለት ነው።

በእኛ ሰዎች ላይ ሌላ ሸክም ይጨመራል። «ማታ ሁለት ሰዓት» ስንል ፈረንጅ «ስምንት» የሚለውን ማለታችን ነው። «ጥር 2011» ስንል በእነሱ አቆጣጠር 2019 ነው፤ ልዩነቱ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ 22 አካባቢ ሰባት፣ ከዚያ በኋላ ስምንት ዓመት ይሆናል። እናቶቻችን ዘመን የሚቆጥሩት «ለጥምቀት ማግስት»፣ «ጤፉ ሲታጨድ» እያሉ ነው። ይህን ሁሉ በችኮላ ወደ ፈረንጅ ቀንና ሰዓት የመለሰ አስተርጓሚ አንድ ጊዜ ቢሳሳት፣ ስህተቱ የሚጻፈው በባለ ጉዳይዋ ስም ነው። እኔም በዚያ ሥራ ላይ ሳለሁ እያንዳንዱን ቀን «በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው?» ብዬ ጮክ ብዬ ማረጋገጥን የተማርኩት ዘግይቼ ነው።

ይህ ማለት ግን የተነገረው ሁሉ ሳይጣራ ይታመን ማለት አይደለም። የዳር ዝርዝር መለዋወጥ ብቻውን የውሸት ማስረጃ ሊሆን አይችልም ማለት ነው። ማጣራት የሚገባው በሰነድ፣ በምስክር፣ በሐኪም ነው።

ተረት 4፦ ከባድ ጉዳት ተቀብሮ ይጠፋል፤ ጎበዝ ጠያቂ ግን ቆፍሮ ያወጣዋል።

እውነታው፦ እ.ኤ.አ. በ1976 በካሊፎርኒያ ቾውቺላ በምትባል ከተማ 26 ሕፃናት ከነአውቶቡስ ሹፌራቸው ታፍነው ተወሰዱና ከመሬት በታች ተቀበሩ፤ ከብዙ ሰዓታት በኋላ ቆፍረው አመለጡ። ሌኖር ቴር የተባለች የሥነ አእምሮ ሐኪም ከአራት እስከ አምስት ዓመት በኋላ ስታነጋግራቸው የደረሰባቸውን የረሳ ልጅ አላገኘችም። የጊዜውን ቅደም ተከተል ያምታቱ፣ ያላዩትን ያዩ የመሰላቸው ግን ነበሩ።

በሌላ በኩል፣ በምሪት ጥያቄ ያልሆነን ነገር መትከል ይቻላል። ሎፍተስና ዣክሊን ፒክረል እ.ኤ.አ. በ1995 ለ24 ሰዎች «ልጅ ሳለህ ገበያ ማዕከል ውስጥ ጠፍተህ ነበር» የሚል የፈጠራ ታሪክ ቤተሰብ የነገራቸው አስመስለው አቀረቡ፤ ሩብ ያህሉ በሙሉም ሆነ በከፊል «አስታወሱት»። ስለዚህ የተጎዳን ሕፃን «እገሌ ነው አይደል? እንዲህ አድርጎሃል አይደል?» ብሎ መጠየቅ እውነቱን ያበላሻል። «ምን ሆነ? ከዚያስ?» ይበቃል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር አደራ እላለሁ። ለዓመታት ዝም ያለ ሰው ሁሉ ረስቶ ነበር ማለት አይደለም። በአገራችን ስንቷ ሴት በልጅነቷ የደረሰባትን እያስታወሰች፣ የምትነግረው አጥታ፣ «ነውር ነው» ተብላ አፏን ይዛ ኖራለች! ዝምታን ከመርሳት ለዩልን።

ተረት 5፦ ማንም የማይሰማው ድምፅ የሚሰማው ሰው አስመሳይ ነው።

እውነታው፦ ድምፁ ለሰሚው እውነተኛ ነው። እ.ኤ.አ. በ1993 ለንደን ውስጥ ስኪዞፍሬኒያ የተባለ ከባድ የአእምሮ ሕመም ባለባቸው ሰዎች ላይ በተደረገ ጥናት፣ ድምፁ በሚሰማቸው ጊዜ ንግግርን የሚያመነጨው የአእምሮ ክፍል የደም ዝውውር ጨምሮ ታየ። ብዙ ተመራማሪዎች እንደሚሉት፣ አእምሮ የራሱን የውስጥ ንግግር «የእኔ ነው» ብሎ መለየት ሲያቅተው ከውጭ የመጣ ሆኖ ይሰማዋል። «ምንም ድምፅ የለም፣ ተወው!» ብሎ መቆጣት የትም አያደርስም። «እኔ አይሰማኝም፤ አንተ ግን እንደሚሰማህና እንደሚያስፈራህ አምናለሁ» ማለት ይሻላል።

በቡታጅራና አካባቢዋ ከ68 ሺህ በላይ ሰዎች የተጠየቁበት ትልቅ ጥናት እንዳሳየው፣ ከባድ የአእምሮ ሕመም ከተገኘባቸው አብዛኞቹ ከዚያ በፊት ዘመናዊ ሕክምና አግኝተው አያውቁም። ሕመምተኛውን ጠበል የሚወስድ ቤተሰብ ጠበሉን መተው አያስፈልገውም፤ ሕመምተኛው መድኃኒቱን እንዲያቋርጥ ግን ማንም ሊያዝዘው አይገባም። ሁለቱ አብረው መሄድ ይችላሉ።

ተረት 6፦ ድብርት ስሜት ብቻ ነው፤ ትውስታን አይነካም።

እውነታው፦ ማርክ ዊሊያምስ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ እንዳሳየው፣ በድብርት የተጎዳ ሰው «ደስታ» ተብሎ አንድ የተለየ ቀን እንዲያነሣ ሲጠየቅ «ድሮ ከወንድሞቼ ጋር ደስ ይለኝ ነበር» ዓይነት ጥቅል መልስ ይሰጣል። ያ አንድ ቀን፣ ከነቡናው ሽታና ከነሳቁ፣ አልመጣ ይለዋል። ትኩረትም ይበተናል። «እናቴ ጃጀች» ብለን ተስፋ የቆረጥንባት አረጋዊት አንዳንዴ በድብርት የተጎዳች፣ ብትታከም የምትመለስ ልትሆን ትችላለች።

ተረት 7፦ አንዴ የቆሰለ አእምሮ አይድንም።

እውነታው፦ የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው ከ100 ሰው 70 ያህሉ በዕድሜያቸው አስደንጋጭ ሁነት ይገጥማቸዋል፤ ከእነዚህ መካከል ድኅረ አደጋ የጭንቀት ሕመም የሚይዛቸው ግን 5.6 በመቶ ብቻ ናቸው። ለእነሱም ሕክምና አለ። እ.ኤ.አ. በ2004 የታተመ አንድ ጥናት በኡጋንዳ መጠለያ የነበሩ 43 ሱዳናውያን ስደተኞችን ተከታትሏል። የሕይወት ታሪካቸውን በቅደም ተከተል በመተረክ ከታከሙት መካከል ከአንድ ዓመት በኋላ ሕመሙ ያልለቀቃቸው 29 በመቶ ብቻ ነበሩ። ሌላ ዓይነት ድጋፍ ካገኙት መካከል ግን 80 በመቶ ገደማ እንደታመሙ ነበሩ።

የዚህ ሕክምና አሠራር ልብ ይነካል። ወለሉ ላይ ገመድ ይዘረጋል፤ ገመዱ ከልደት እስከ ዛሬ ያለው ዕድሜ ነው። ሰውየው ለክፉው ቀን ድንጋይ፣ ለደጉ ቀን አበባ ያስቀምጣል። ከዚያ ከሕክምና ባለሙያው ጋር ከድንጋይ ወደ ድንጋይ እየሄዱ «የት ነበርክ? ምን ሸተተህ? ከዚያስ?» እየተባለ ይተረካል። እስካሁን «አሁን እየሆነ ነው» እያለ በሌሊት የሚያባንነው ነገር ቀስ በቀስ ቦታና ጊዜ ያገኛል። ድንጋዩ ከገመዱ ላይ አይነሣም፤ ግን ከኋላ ይቀራል።

ያቺን እናት ሳስባት ይህ ገመድ ትዝ ይለኛል። ጠያቂው ሁለት ወረቀት ዘርግቶ «የትኛውን ልመን?» አላት። ሦስትም ይሁኑ አራት፣ ድንጋዩ የተቀመጠበትን ቦታ ግን አንድም ጊዜ አልሳተችም።