ላፕቶፑ ከመተኛቱ በፊት

የሊኑክስን አገልግሎቶች የሚያስተዳድረው ሲስተምዲ 256ኛ ስሪቱን እ.ኤ.አ. በጁን 2024 ካወጣ ወዲህ፣ ለዓመታት ያለ ችግር ሲሠሩ የኖሩ ትንንሽ ስክሪፕቶች መሃል ላይ ተንጠልጥለው መቅረት ጀመሩ። ሊኑክስ ሊተኛ ሲል የተጠቃሚው ፕሮግራሞች በሙሉ አሁን አስቀድመው ባሉበት እንዲቆሙ ይደረጋል፤ የሚለቀቁትም ማሽኑ ከነቃ በኋላ ነው።

የለመድነው መንገድ ስክሪፕቱን ሲስተም-ስሊፕ በሚባለው ፎልደር ውስጥ መጣል ነበር። ከመተኛቱ በፊት «ፕሪ»፣ ከነቃ በኋላ «ፖስት» ተብሎ ይጠራል። የሚሠራው ግን በሩት፣ ማለትም በሲስተሙ አስተዳዳሪ፣ ስም ነው፤ የተጠቃሚውን ስክሪንም ሆነ ድምፅ አያውቅም። ስለዚህ ብዙ ሰው ወደ ተጠቃሚው የሚሻገር መስመር ይጨምርበታል፤ ለምሳሌ የድምፅ አገልጋዩን «ዝም በል» የሚል። አሁን ያ አገልጋይ ቆሟል፣ አይመልስም፤ ስክሪፕቱ መልስ ሲጠብቅ ማሽኑም አብሮት ይጠብቃል። የሲስተምዲ መመሪያ ራሱ እነዚህን ስክሪፕቶች ለግል ብቻ የሚሆኑ የጥገና መላዎች ይላቸዋል። ከዚያ በፊት የነበረው ፒኤም-ዩቲልስ ቢያንስ በቁጥር ተራ ያስኬዳቸው፣ ሲነቃም ተራውን ይገለብጠው ነበር፤ ሲስተምዲ ሁሉንም በአንዴ ይለቃቸዋል።

ለእኔ ትክክለኛው በር የተጠቃሚዎችን መግባትና መውጣት የሚከታተለው የሲስተምዲ ክፍል፣ ሎግአይንድ ነው። ከመተኛት በፊት፣ የተጠቃሚው ፕሮግራሞች ገና ሳይቆሙ፣ ፕሮግራሞች መልእክት በሚለዋወጡበት በዲ-ባስ ለሁሉም ያሳውቃል፣ ሲነቃም ይደግመዋል፤ ለመስማት ሩት መሆን አያስፈልግም። መስማት ብቻውን ግን አይበቃም፤ ስክሪፕቱ ሳይጨርስ ማሽኑ ሊቀድመው ይችላል። ለዚህ የማዘግያ ቁልፍ አለ። ቁልፉ የተከፈተ ፋይል ነው፤ ሲዘጋ ይለቀቃል፣ ፕሮግራሙ ቢሞትም በራሱ ይዘጋል። ይህን ያህል ቀላልና አስተማማኝ ሐሳብ በዚህ ዘርፍ ሌላ አላየሁም።

ጥቅሙ የላፕቶፑ ክዳን ሲዘጋ ይታያል። ስክሪኑ ሳይቆለፍ ማሽኑ ከተኛ፣ ጠዋት ክዳኑን የከፈተ ሁሉ ለአፍታም ቢሆን የትናንቱን ደብዳቤዎን ያያል። ይህን ለመከላከል ስዌይአይድል የተባለው ፕሮግራም የማዘግያ ቁልፉን ይዞ ስክሪን ቆላፊውን ስዌይሎክን ይጠራል። እዚህ ላይ ስዌይሎክ ቆልፎ ወደ ጀርባ እንዲሄድ የምታዘው «ኤፍ» የተባለች አማራጭ ከተረሳች፣ እንዲጠብቅ የታዘዘ ስዌይአይድል ስክሪኑ እስኪከፈት ይጠብቃል፤ ሎግአይንድ ደግሞ ከ5 ሰከንድ በላይ አይታገሥም፣ ትቶት ይተኛል።

5 ሰከንድ ስክሪን ለመቆለፍ ይበቃል፤ ፋይል ወደ ሰርቨር ለማሻገር አይበቃም። ቁጥሩን መለወጥ የሚችለው ደግሞ ሩት ብቻ ነው።