ጭራቁ ከተረቱ አይውጣ

እ.ኤ.አ. በ1963 አሜሪካ ውስጥ አንድ የሕፃናት ሥዕላዊ መጽሐፍ ታተመ። ደራሲውም ሠዓሊውም ሞሪስ ሴንዳክ ነበር፤ ከፖላንድ የተሰደዱ አይሁድ ወላጆች ኒው ዮርክ፣ ብሩክሊን ውስጥ የወለዱት ሰው። ማክስ የተባለ ሕፃን ቤቱን ሲያምስ እናቱ ራት ሳይበላ እንዲተኛ ወደ ክፍሉ ትሰደዋለች። ልጁ በምናቡ ባሕር ተሻግሮ ጥርሳቸው ያገጠጠ፣ ጥፍራቸው የሾለ አውሬዎች ወደሚኖሩበት አገር ይደርሳል። አፍጥጦ ያያቸዋል፤ ይነግሥባቸዋል፤ አብሯቸው ይጨፍራል፤ ቤቱ ሲናፍቀው ደግሞ ትቷቸው ይመለሳል። ክፍሉ ሲገባ ራቱ ሳይቀዘቅዝ ይጠብቀዋል። መጽሐፉ በማግስቱ ዓመት ካልደኮት የተባለውን ታላቅ የሥዕላዊ መጻሕፍት ሽልማት ቢያገኝም ሕፃናትን ያስደነግጣል ያሉት ጥቂቶች አልነበሩም። በ1969 ስመ ጥሩው የሕፃናት ሥነ ልቦና ጸሐፊ ብሩኖ ቤተልሃይም በአንድ የሴቶች መጽሔት ላይ ነቀፈው፤ ያውም መጽሐፉን ራሱ ሳያነብ፣ በሰማው ብቻ። ያው ሰው በ1976 ጠንቋይና ሰው በላ የሞላባቸው የጥንት ተረቶች ለልጅ አእምሮ እንደሚበጁ የሚሟገት ዝነኛ መጽሐፍ አሳተመ። የሴንዳክን መጽሐፍ ሲነቅፍ በተለይ የከነከነው የአውሬዎቹ ጥርስ ሳይሆን እናት ልጇን ራት ከልክላ ብቻውን መተዋ ነበር። ሳያነብ መፍረዱ ጥፋት ነው፤ ጣቱን ያሳረፈበት ቦታ ግን ትክክል ይመስለኛል። ትንሽ ልጅን ከጭራቁ ይበልጥ የሚያስፈራው ከጭራቁ ጋር ብቻውን መቅረቱ ነው።

ለዚህ ነው «አስፈሪ ፍጡር ለሕፃናት ይሆናል ወይስ አይሆንም?» የሚለው ጥያቄ እንዲሁ ሲቀርብ መልስ የማይገኝለት። እኛ ዘንድ ጭራቅና አያ ጅቦ ሁለት ኑሮ አላቸው። አንደኛው በተረት ውስጥ ነው፤ እዚያ አያ ጅቦ ሆዳም፣ ሞኝ፣ በጦጣና በቀበሮ የሚታለል ነው። ሁለተኛው ከተረቱ ውጭ፣ በማስፈራሪያ ውስጥ ነው፤ «ዝም በል፣ ጅቡ መጣ!»፣ «ካልበላሽ ለጭራቁ እሰጥሻለሁ!» ሲባል። ስሙ አንድ ቢሆንም በልጁ ላይ የሚሠራው ሥራ ተቃራኒ ነው። የመጀመሪያው፣ ዕድሜውና አቀራረቡ ከተጠበቀ፣ ለትንሽ ልጅ የሚገባ ነገር ነው። ሁለተኛው በየትኛውም ዕድሜ አይገባም። ይህን የምለው የልጆችን ፍርሃት ያጠኑ ሰዎች ካገኙት ተነሥቼ ነው።

ከሦስት እስከ አምስት ዓመት ያለ ልጅ ዓለምን የሚመዝነው በመልክ ነው። በዊስኮንሲን ዩኒቨርሲቲ የልጆችን ፍርሃት ለረጅም ዓመታት ያጠኑት ጆአን ካንተር ከባልደረባቸው ጋር እ.ኤ.አ. በ1985 ያሳተሙት ጥናት ይህን ጥሩ አድርጎ ያሳያል። ለልጆች ስለ አንዲት አሮጊት የሚተርክ ፊልም አሳዩ፤ ለአንዳንዶቹ ሴትዮዋ መልኳ የሚያምር፣ ለአንዳንዶቹ የሚያስፈራ ሆነች፤ ጠባይዋም እንዲሁ በአንዱ ደግ፣ በሌላው ክፉ ሆነ። ዘጠኝና አሥር ዓመት የሞላቸው ልጆች ሴትዮዋን ይበልጥ በሥራዋ ሲመዝኗት ትንንሾቹ በመልኳ መዘኗት። ሃልክ የተባለው አረንጓዴ ግዙፍ ጀግና በሚታይበት የቴሌቪዥን ድራማም ተመሳሳይ ነገር ታየ። ሃልክ ሰው የሚረዳ ፍጡር ነው፤ ትንንሾቹ ልጆች ግን በይበልጥ የፈሩት ሰውየው ወደ ሃልክ ሲለወጥ ነበር። ስለዚህ ወላጅ ለአራት ዓመት ልጅ «አይዞህ፣ እሱ እኮ ጥሩው ነው» ሲል ልጁ ገና ባልደረሰበት ሚዛን እያስመዘነው ነው።

«ውሸት ነው፣ የለም» የሚለው ማጽናኛም ከዚህ ብዙ አይሻልም። ካንተርና ባርባራ ዊልሰን እ.ኤ.አ. በ1984 ባሳተሙት ሙከራ፣ ጠንቋይዋ የምታስፈራራበትን የታዋቂውን የኦዝ ፊልም ክፍል ከማየታቸው በፊት ነገሩ እውነት አለመሆኑን እንዲያስታውሱ የተነገራቸው ትልልቅ ልጆች ፍርሃታቸው ቀነሰ፤ ከሦስት እስከ አምስት ዓመት ያሉትን ግን ምክሩ አልረዳቸውም። ፖል ሃሪስና ባልደረቦቻቸው በ1991 ያሳተሙት ደግሞ ልብ የሚነካ ነው። የአራትና የስድስት ዓመት ልጆች በአንድ ባዶ ሣጥን ውስጥ ጭራቅ እንዳለ እንዲያስቡ ተጠየቁ። ሣጥኑ ባዶ መሆኑን አይተዋል፤ ሲጠየቁም ጭራቁ የሐሳብ ብቻ ነው ብለው በትክክል መለሱ። አጥኚው ከክፍሉ ሊወጣ ሲል ግን ከትንንሾቹ አንዳንዶቹ ትተኸን አትሂድ አሉ። ልጁ ጭራቅ እንደሌለ ያውቃል፤ ትልቁ ሰው ከአጠገቡ ሲርቅ ግን ዕውቀቱ አይበቃውም።

እንግዲያው ጨርሶ መከልከል አይሻልም ወይ? ይህ ቅን ጥያቄ ነው፤ ከሁለት ዓመት ተኩል፣ ከሦስት ዓመት በታች ላሉት መልሴም አዎ ነው፤ በዚያ ዕድሜ አስፈሪ ፍጡር ለልጁ የሚጨምርለት ነገር አይታየኝም። ከዚያ በኋላ ግን ክልከላው ዋጋ የለውም፤ ምክንያቱም ጭራቁን የሚያመጣው መጽሐፉ አይደለም። በኔዘርላንድ ፒተር ሙሪስና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ2000 ባሳተሙት ጥናት ከአራት እስከ አሥራ ሁለት ዓመት ካሉት ልጆች ሦስት አራተኛ ያህሉ የሚፈሩት ነገር እንዳላቸው ተናግረዋል፤ የምናብ ፍጡራን ፍርሃት በትንንሾቹ ላይ በዝቶ ልጁ ሲያድግ ይቀንሳል። ጨለማ፣ ከእናት መለየት፣ የአባት ቁጣ፣ ልጁ ራሱ የተቆጣ ጊዜ ውስጡ የሚሰማው እሳት፣ ይህ ሁሉ ስም የሌለው ፍርሃት ነው። ተረት ስምና ቅርጽ ይሰጠዋል፤ ቅርጽ ያለው ነገር ደግሞ ይታለላል፣ ይሸነፋል፣ ይባረራል። የሴንዳክ መጽሐፍ አሠራር እዚህ ላይ ሊጤን ይገባዋል። መጀመሪያ ሥዕሎቹ ትንንሽ ናቸው፤ የልጁ ሁካታ እየጨመረ ሲሄድ እየሰፉ ገጹን ይሞሉታል፤ ጭፈራው ሲደምቅ ቃል የሚባል ይጠፋና ሥዕሉ ብቻ ሁለቱን ገጽ ከዳር እስከ ዳር ይይዛል፤ ከዚያ መልሶ ይጠባል። መጨረሻው ገጽ ላይ ሥዕል የለም፤ ስለ ራቱ የሚናገሩ ጥቂት ቃላት ብቻ ቀርተዋል። ፍርሃቱ ወጥቶ ይወርዳል፣ ልጁም እስኪወርድ ድረስ ጭን ላይ ተቀምጦ ይጠብቃል። በ1999 የወጣው የጁሊያ ዶናልድሰን «ግራፋሎ»ም ቀንድና ጥርስ ያለው አውሬ የያዘ መጽሐፍ ነው፤ ሠዓሊው አክሰል ሼፍለር መጀመሪያ የሣለው ለትንንሾች ከልክ በላይ ያስፈራል ተብሎ መልኩን እንዲያለዝበው ተደርጓል። ትንንሽ ልጆች በመልክ እንደሚመዝኑ ላየ ሰው ይህ የአርታኢ ፈሪነት አይደለም፤ አንባቢውን ማወቅ ነው።

የእኛ ተረትም ይህን ጥበብ ከማንም አልተማረውም። ተራኪው «ተረት ተረት» ሲል ልጆቹ «የላም በረት» ብለው ካልመለሱ ተረቱ አይጀመርም፤ ሲያልቅም «ተረቴን መልሱ፣ አፌን በዳቦ አብሱ» ተብሎ ይዘጋል። በሩ በልጆቹ ፈቃድ ይከፈታል፣ በተራኪው ቃል ይዘጋል፤ ጭራቁም እዚያው ውስጥ ይቀራል። በዚያ ላይ ድምፅ ብቻ ሲሆን ልጁ ጭራቁን የሚሥለው በሚችለው መጠን ነው፤ ተራኪው ደግሞ ፊቱን እያየ ድምፁን ዝቅ ያደርጋል፣ ያሳጥራል፣ ያስቃል። አባባ ተስፋዬ በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ለአሥርት ዓመታት ተረት ሲነግሩ የነበረው በዚሁ ስልት ነው፤ አንድ አረጋዊ፣ አንድ ድምፅ፣ የእጅና የፊት እንቅስቃሴ። አውሬ ነበረ፤ የሚያስበረግግ የአውሬ ምስል ግን አላስፈለገም።

ማስፈራሪያው ግን በር የለውም። «ጅቡ ይበላሃል» የተባለ ልጅ የታሪኩ መጨረሻ አልተነገረውም፤ ጅቡ ከደጅ ቆሟል፣ መቼም ሊገባ ይችላል። ይባስ ብሎ ሊያድነው የሚገባው ሰው ራሱ ነው ጠሪው። እናት የልጇ መሸሸጊያ ናት፤ እሷው «ለጭራቁ እሰጥሃለሁ» ስትል መሸሸጊያውና አደጋው አንድ ይሆኑበታል፤ ቤተልሃይም ከሁሉ አስፈሪ ያለው መተው ማለት ይህ ነው። ማስፈራሪያው ደግሞ በጭራቅ አያበቃም። ፖሊስ፣ ሐኪም፣ መርፌ፣ እብድ፣ ለማኝ ሁሉ ተራ በተራ ይጠራሉ። ውጤቱን አስቡት፤ መርካቶ ውስጥ ከእናቱ እጅ ያመለጠ የአራት ዓመት ልጅ ሊሮጥ የሚገባው ወደ ፖሊሱ ነው፤ እኛ ግን ከፖሊስ እንዲሸሽ አስተምረነዋል። ሲታመም የሚያክመውን ሰው ገና ነጭ ጋውኑን ሲያይ ይጮኻል፤ ሐኪሟም አንድ ጉሮሮ ለማየት ትታገላለች። የተቸገረና የታመመ ሰውን እንደ አውሬ ማሳየትማ ከፍርሃቱም በላይ ነውር ነው። በስደት ላሉ ቤተሰቦች አንድ ነገር ይጨመራል። አገር ቤት ብዙ ልጆች ከእናታቸው ወይም ከታላላቆቻቸው ጋር ስለሚተኙ የማታው ማስፈራሪያ የሰው ገላ ሙቀት ያበርደው ነበር። ዋሽንግተን ወይም ስቶክሆልም ውስጥ በራሱ ክፍል፣ በሩ ተዘግቶ የሚተኛ ሕፃን ግን ያንኑ ቃል ይዞ ብቻውን ያድራል።

«እኛም በዚሁ አድገናል፣ ምን ሆንን?» የሚል ብዙ ነው። ስለ ማስፈራሪያ በቀጥታ ባይሆንም ተቀራራቢ ጥያቄ ለአዋቂዎች ቀርቧል። ክርስተን ሃሪሰንና ካንተር በ1999 ባሳተሙት ጥናት ከአሜሪካ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ዘጠና በመቶ ያህሉ በልጅነት ወይም በወጣትነት ያስደነገጣቸውን ፊልም ወይም የቴሌቪዥን ዝግጅት አስታወሱ፤ ሩብ ያህሉ ፍርሃቱ እስከዚያን ጊዜ ጨርሶ እንዳልለቀቃቸው ተናገሩ። አብዛኞቹ ደኅና ናቸው፤ ይህን አልክድም። ነገር ግን «አልሞትንም» ማለት «በጀን» ማለት አይደለም። ጅብ እውነት በሚዞርበት መንደር ማስፈራራቱ ጥበቃ ነው የሚለው ክርክር ይበልጥ ክብደት አለው። ሆኖም እዚያ ጅቡ እውነተኛ አደጋ ስለሆነ ልጁ የሚያስፈልገው እውነቱ ነው፤ ሲጨልም ጅብ ስለሚወጣ ከቤት አንርቅም፣ ከትልቅ ሰው ጋር እንሄዳለን ማለት። አልበላም ስላለ ጅብ የሚጠራበት ልጅ እውነተኛውን ጅብ ከሐሰተኛው መለየት ይሳነዋል።

ልጆች በስልክ የሚያዩት ነገርም ረጅም ሐተታ አይፈልግም። በኅዳር 2017 እ.ኤ.አ. ዩቲዩብ ልጆች የሚወዷቸውን የካርቱን ገጸ ባሕርያት በሚያስደነግጥ ድርጊት ውስጥ ያስገቡ ብዙ ቪዲዮዎችንና ቻናሎችን ለማጥፋት ተገዷል። በሩን የሚዘጋ ተራኪ የለም፤ አንዱ ሲያልቅ ሌላው ራሱ ይቀጥላል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2019 ከሁለት እስከ አራት ዓመት ላሉ ልጆች በቀን ከአንድ ሰዓት ያልበለጠ የስክሪን ጊዜ መክሯል፤ እኔ የምጨምረው በዚያ ሰዓት ትልቅ ሰው አብሮ ይቀመጥ የሚለውን ነው።

ለፈራ ልጅ የሚበጀውን እስራኤላዊው ተመራማሪ አቪ ሳዴህና ባልደረቦቻቸው አሳይተዋል። በ2006ቱ የሊባኖስ ጦርነት ከቤታቸው ለተፈናቀሉ ሕፃናት ያዘነ ፊት ያለው የአሻንጉሊት ውሻ ሰጡና አደራ፣ አንተ ተንከባከበው አሏቸው፤ የልጆቹ ጭንቀት ቀነሰ። በ2012 ደግሞ ሌሊት አጥብቀው ለሚፈሩ ከአራት እስከ ስድስት ዓመት ላሉ ልጆች ተመሳሳይ አሻንጉሊት ረድቷል። ክርክር ያልረዳውን ልጅ እሱ የሚንከባከበው ወይም እሱን የሚጠብቀው ነገር ማግኘቱ ረዳው። ስለዚህ ተረት ንገሯቸው፤ ጭራቁም ይኑርበት፤ ልጁ ይብቃኝ ካለ አቁሙ፤ ድገሙልኝ ካለ ድገሙ፤ መጨረሻውን ሳትነግሩ ግን መብራት አታጥፉ። ልጅ ሲያለቅስም እባካችሁ ማንንም አትጥሩበት፤ እናንተው ቅረቡት።