«ሙሉ በሙሉ ድኗል» የሚል ወረቀት

አንድ መምህር ሰሞኑን ከሐሳቤ አልወጣ ብሎኛል። ማንነቱ እንዳይታወቅ አንዳንዱን ነገር ቀያይሬ ነው የምጽፈው። በራያ፣ ከቆቦ ወጣ ባለ የገጠር ትምህርት ቤት ያስተምራል። ከባድ ድባቴ ይዞት ለወራት ቤት ዋለ። መድኃኒቱን ሳያቋርጥ ወሰደ፤ እንቅልፉ ተመለሰ፤ እህል ይቀምስ ጀመር፤ ሰው ሲመጣ ወደ ጓዳ መሸሹን ተወ። ወደ ሥራዬ ልመለስ ያለውም ራሱ ነው። ሥራ መጀመር እንደሚችል፣ ለመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ግን ክፍለ ጊዜው ቢቀነስለት እንደሚሻል ጽፌ ላክሁት። ወረቀቱን ይዞ ተመለሰ። አለቃው «ሙሉ በሙሉ ድኗል የሚል አጽፈህ ና» ብሎታል። አብረውት የመጡት አባቱ ደግሞ ሌላ ልመና ይዘዋል፤ «ዶክተር ልጄ፣ አደራህን ሦስት ወር ጨምርለት፤ ጭንቅላቱ በደንብ ይረፍ።» የአእምሮ ሕክምና ነርስ ነኝ፤ ዶክተር አለመሆኔን ብነግራቸውም አልሰሙኝም።

አለቃውና አባቱ ተመካክረው አይደለም። የሚያስቡት ግን አንድ ነው፤ አስቀድሞ ይዳን፣ ሥራው ከዚያ በኋላ ይደርሳል። ይህን አባባል ከገበሬውም፣ ከባንክ ሥራ አስኪያጁም፣ ከሆቴል ባለቤቱም እሰማዋለሁ። ከሁሉ የሚያመኝ ከራሳችን ከጤና ባለሙያዎች መስማቴ ነው። ታካሚው በመጣ ቁጥር «ዕረፍት ያስፈልገዋል» ብለን አንድ ወር እንጨምራለን። ለመጻፍ ቀላል ነው፤ ቤተሰቡም መርቆን ይሄዳል። ያ ወረቀት ምን እንደሚሠራ ተመልሶ የሚያይ ግን የለም።

ዕረፍት አያስፈልግም እያልሁ አይደለም። ራሱን ለማጥፋት የሚያስብ፣ በባይፖላር ሕመም ተነሣሥቶ ሌሊቱን ሲያወራ የሚያድር፣ ሌላው የማይሰማው ድምፅ የሚያዝዘው ሰው በዚያ ሰሞን ሥራ ቦታ መገኘት የለበትም። ሹፌርና መሣሪያ የያዘ ጥበቃ ሲሆን እኔም እጅግ እጠነቀቃለሁ። የምሟገተው ከዚያ በኋላ ስላለው ረጅም ጊዜ ነው። ማለዳ የሚነሣበት ጉዳይ ያጣ ሰው እስከ ረፋድ ይተኛል፤ ቀን ስለተኛ ሌሊት እንቅልፍ አጥቶ ያችኑ ሐሳብ ሲያመላልስ ያድራል። ጎረቤት «እንዴት ነው፣ ተሻለው?» እያለ እናቱን በጠየቀ ቁጥር ይሰማል። ደመወዝ ሲቀንስ በቤት ውስጥ ቃላት ይሻክራሉ። በቀጠሮው ቀን መጥቶ ይህን ሁሉ ሲነግረን ድባቴው ባሰበት ብለን መድኃኒቱን ከፍ፣ ፈቃዱን ረዘም እናደርጋለን። ቤት መዋሉ ያመጣውን ጣጣ ለበሽታው ጽፈን፣ ሕክምናው ያንኑ ቤት መዋል እንዲሆን እናዝዛለን።

ይህ የግል አስተያየቴ ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2007 ላንሴት ላይ የታተመ ጥናት በስድስት የአውሮፓ ከተሞች፣ በለንደን፣ ኡልም፣ ሪሚኒ፣ ዙሪክ፣ ግሮኒንገንና ሶፊያ፣ ከባድ የአእምሮ ሕመም ያለባቸውን 312 ሰዎች ተከታተለ። ግማሾቹ እንደ ልማዱ ወደ ሥልጠና ማዕከል ገብተው ለሥራ «ተዘጋጁ»። ግማሾቹ ደግሞ ምንም ሳይቆዩ እውነተኛ ሥራ እንዲፈልጉ ተረዱ፤ ከገቡ በኋላም ደጋፊ ባለሙያ አብሯቸው ሆነ። ከሁለተኛዎቹ ከመቶ 55ቱ፣ ከመጀመሪያዎቹ ከመቶ 28ቱ ብቻ ሥራ ያዙ። ለባልደረቦቼ ደጋግሜ የምነግራቸው ግን ሌላኛውን ቁጥር ነው። ሆስፒታል ተመልሰው የተኙት ቀጥታ ሥራ እንዲፈልጉ ከተረዱት ከመቶ 20፣ በዝግጅት ከቆዩት ከመቶ 31 ናቸው። በሥራው ምክንያት ያገረሽባቸዋል ብለን የምንፈራው የተገላቢጦሽ ሆነ ማለት ነው።

ቀለል ባለ ሕመምም ያው ነው። እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመ የኔዘርላንድስ ጥናት በጭንቀትና በድባቴ ፈቃድ የወጡ ሠራተኞችን በሁለት ከፍሎ አነጻጸረ። አንደኛው ቡድን የተለመደውን የንግግር ሕክምና አገኘ። ለሁለተኛው ያንኑ ሕክምና ሲሰጡት ከጅምሩ ስለ ሥራው እያወሩ፣ መመለሻውን እያቀዱ ነው። ሁለተኛው ቡድን 65 ቀን ቀድሞ ሙሉ ሥራው ላይ ተገኘ፤ ከሕመሙ መሻሻሉም ከአንደኛው አላነሰም። እኛ ዘንድ በመጀመሪያው ቀጠሮ ስለ ሥራ የሚጠይቅ ስንቱ ነው? ካርዱ ላይ «ሥራ፦ መምህር» ብለን ጽፈን እናልፋለን። የትኛውን ክፍል ታስተምራለህ፣ የሚከብድህ የቱ ሰዓት ነው፣ ከአለቃህ ጋር እንዴት ናችሁ የሚለው ጥያቄ ጊዜ ማባከን ይመስለናል።

«የፈረንጅ ነው፣ ለእኛ አይሆንም» የሚለኝ አይጠፋም። ለዚህ መልሱ ሩቅ አይደለም። ቡታጅራ ላይ እ.ኤ.አ. ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ቤት ለቤት ዞረው ከ68 ሺሕ በላይ ሰው መርምረዋል፤ ስኪዞፍሬኒያ ከተገኘባቸው አብዛኞቹ ዘመናዊ ሕክምና አግኝተው አያውቁም ነበር። ከዚያው አካባቢ ሳንርቅ፣ በሶዶ በኩል የተደረገና ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2022 የታተመ ሌላ ጥናት አለ። ስኪዞፍሬኒያ ላለባቸው ሰዎች ከጤና ጣቢያው መድኃኒት ሌላ፣ ሐኪም ያልሆኑ የአካባቢው ልጆች ሠልጥነው እቤታቸው ድረስ እየሄዱ ቤተሰቡን አስተማሩ፤ ከሰውና ከሥራ ጋር እንዲገናኙ ረዷቸው። ከዓመት በኋላ ሲታዩ፣ የዕለት ኑሯቸውን ለመምራት ያለባቸው ችግር መድኃኒት ብቻ ከወሰዱት ያነሰ ነበር። ይህ የኢትዮጵያ ገጠር ነው፤ እንደ ራያ ገጠር አርሶ የሚኖር ሕዝብ ነው።

የራያ ቆላ ሰው አሠሪው ዝናቡና ጎርፉ ነው፤ የሕመም ፈቃድ የሚፈርምለት የለም። ቢሆንም ያው «ይረፍ» የሚለው ፍርድ በቤተሰቡ አፍ ይደርሰዋል። ሲታመም በሬዎቹን ወንድሙ ይወስዳቸዋል፤ መሬቱ ለሌላ ሰው በእኩል ይሰጣል። ክረምት ላይ ከደጋው የወረደውን ጎርፍ ጠልፈው ማሳ ሊያጠጡ ወንዶቹ በሌሊት ሲወጡ እሱን የሚቀሰቅሰው የለም። ከቦይ ጠረጋውም ይቀራል፤ ከጠረጋው የቀረ ሰው ውሃ ሲከፋፈል ቃሉ አይሰማም። ፀበልም ሆነ ዱዓ ቤት ሰንብቶ ተሽሎት ሲመለስ የሚጠብቀው ሥራ የለም። ሁሉም ከፍቅር ነው የሚያደርጉት፤ ይህንን አውቃለሁ። ግን ማሽላው ሲያፈራ «አንተ ግሪሳ ጠብቅ» ይሉታል። ሚስትና ልጆች ያሉት ጎልማሳ የሕፃናት ወንጭፍ ይዞ ማማ ላይ ይወጣል። እንደዚያ ያለው ሰው በሁለተኛው ቀን ከአልጋው አልነሣም ሲል «አየህ፣ አልዳነም» ይባላል።

ስለዚህ ለቤተሰቡ ስነግር ሥራ ስጡት ብቻ አልልም፤ የራሱን ሥራ ጥቂቱን መልሱለት እላለሁ። ሙሉ ቀን ማረስ ካልቻለ ሁለት ትልም ይረስ፤ ግን በራሱ በሬ፣ በራሱ ማሳ። የሚዘራው የማሽላ ዘር ጅጉርቴ ይሁን ደጋሌት እሱ ይወስን። ውሳኔው ከእጁ ያልወጣ ሰው በጉልበት ቢደክምም ቶሎ ይመለሳል፤ ይህን ደጋግሜ አይቻለሁ።

እዚህ ላይ ቆላውን የማያውቅ መጽሐፍ የማይነግረን ነገር አለ፤ ፀሐዩ። ክሎርፕሮማዚን የተባለውን የአእምሮ መድኃኒት የሚወስድ ሰው ቆዳው ፀሐይ አይችልም። እሱም፣ የድባቴው መድኃኒት አሚትሪፕቲሊንም ላብን ይቀንሳሉ፤ ሰውነት ሙቀቱን ማውጣት ያቅተዋል። ሁለቱም ያስተኛሉ፤ ድንገት ብድግ ሲሉም ያዞራሉ። በቆቦ ሜዳ በእኩለ ቀን ሞፈር የያዘ ሰው ወድቆ ሲገኝ «ሥራው ነው የጣለው» ይባላል። መድኃኒቱንና ሰዓቱን ሳናስተካክል የላክነው እኛ ነን ብዬ የምከራከረው ለዚህ ነው። መጠኑ ከተቻለ ወደ ማታ ይዛወር። ሥራው ከማለዳ እስከ ረፋድና ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ ይሁን፤ ውሃ አይለየው፤ ራሱንና ክንዱን ይሸፍን። በሦስት ደቂቃ የሚነገር ምክር ነው። አንድን ገበሬ ዓመት ሙሉ ከማሳው ሊያቆየው ወይም ሊመልሰው ይችላል።

ደመወዝተኛውን በተመለከተ፣ ወር በወር ስንጨምርለት ሕጉን የምናስታውስ አይመስለኝም። በአሠሪና ሠራተኛ ዐዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት የሕመም ፈቃድ በ12 ወር ውስጥ ከስድስት ወር አይበልጥም። የመጀመሪያው ወር ሙሉ ደመወዝ፣ ቀጣዮቹ ሁለት ወራት ግማሽ፣ የመጨረሻዎቹ ሦስት ወራት ያለ ደመወዝ ናቸው። የመንግሥት ሠራተኛ የሚተዳደርበት ሕግ ሌላ ቢሆንም እሱም ገደብ አለው። ስለዚህ «ሙሉ በሙሉ እስኪድን» ብለን የምንጽፍለት የሆቴል ሠራተኛ ከአራተኛው ወር ጀምሮ ያለ ገቢ ነው፤ ከስድስተኛው በኋላ ደግሞ የሚመለስበት ቦታ ላይጠብቀው ይችላል። በሌላ በኩል ዐዋጅ ቁጥር 568/2000 የአካል ጉዳተኛን የሥራ መብት ሲደነግግ የአእምሮ ጉዳትንም ጨምሯል፤ አሠሪው የሥራ ሁኔታውን እንዲያመቻች ግዴታ ጥሎበታል። ይህን የሚያውቅ አሠሪ በወረዳችን አልገጠመኝም፤ የሚነግረውም የለም።

የሰሜኑን ጦርነት ሳላነሣ ብተው ደግሞ ስለ ቆቦ አልጻፍሁም ማለት ነው። ከተማዋ በሐምሌ 2013 ተያዘች፤ በዚያው ዓመት ጳጉሜን ሰላማዊ ሰዎች በጅምላ ተገደሉባት፤ በነሐሴ 2014 እንደገና ተያዘች። ከነሐሴ 2015 ወዲህ በአማራ ክልል ያለውን ግጭት በክልሉ ያለ ሁሉ ያውቀዋል፤ ስንት ትምህርት ቤት እንደ ተዘጋም እንዲሁ። አለቆች «ሁላችንም ተጎድተናል፤ ማን አረፈ?» ይሉኛል። እውነታቸውን ነው፤ ሁሉም አዝኗል። ያዘነ ሁሉ ግን አልታመመም፤ የታመመውም ሁሉ አንድ ዓይነት መመለሻ አይበቃውም። የጦርነቱ ጉዳት የደረሰበት በሥራ ቦታው ከሆነ፣ ስድስት ወር ቤት ማስቀመጥ ፍርሃቱን ያከርመዋል እንጂ አያበርደውም። የሚረዳው በመጀመሪያው ሰሞን ቢሮው ወይም ፈረቃው ተቀይሮለት፣ ከሚያምነው ባልደረባ ጋር ቀስ በቀስ ወደዚያ ቦታ መግባት ነው። ይህ ገንዘብ አይጠይቅም፤ የሚጠይቀው የአንድ አለቃ ፈቃደኝነት ነው።

ወደ ወረቀቱ ልመለስ። «ሙሉ በሙሉ ድኗል» ብዬ አልጽፍም፤ ማንም ባለሙያ መጻፍ አይችልም። ስኳርና ደም ግፊት ያለበት መምህር መድኃኒቱን ኪሱ ይዞ ያስተምራል፤ ድኗል የሚል ማስረጃ የጠየቀው የለም። የአእምሮ መድኃኒት የሚወስደው ላይ ሲሆን ግን እስኪያቆም ይጠበቃል፤ እሱም ቶሎ ሥራ ልግባ ብሎ ያቆመዋል፤ ሕመሙ ያገረሽበታል። ወረቀቱ ራሱ በሽታውን መልሶ የሚጠራበት መንገድ ይህ ነው። የበሽታውንም ስም አልጽፍም፤ ለአለቃው አይጠቅመውም። የምጽፈው ምን መሥራት እንደሚችል፣ ለስንት ሳምንት ምን እንደሚቀነስለት፣ ከዚያ በየስንት ጊዜው እየጨመረ እንደሚሄድ፣ የቀጠሮው ቀን መቼ እንደሆነና በዚያን ቀን ግማሽ ቀን እንደሚፈቀድለት ነው። ታካሚው ራሱ ሳያነበውና ሳይስማማበት አልፈርምም።

ባልደረቦቼ በመጨረሻ የሚያነሡት ጥያቄ አንድ ነው፤ «ሥራ ላይ ሳለ ቢነሣበት ተጠያቂው ማን ነው?» ቤት ሳለም ይነሣበታል። ቤት ሲሆን ቤተሰቡ እንግዳ እንዳይሰማ በሩን ዘግቶ ይከርማል፤ እኛ ዘንድ የሚደርሰው ከወር በኋላ፣ አንዳንዴም በገመድ ታስሮ ነው። ሥራ ላይ ከሆነ ግን ሁለት ቀን ማርፈዱን፣ ዝም ማለቱን፣ ወይም ከወትሮው በላይ መናገሩን ባልደረባው ያያል። ታካሚው ሲፈቅድልኝ ስልክ ቁጥሬን ከፊርማዬ ሥር የምጽፈው ለዚያ ነው። እስካሁን የደወሉልኝ አለቆች ጥቂት ናቸው። የደወሉትን ግን ጠዋትም ሆነ ማታ አነሣላቸዋለሁ፤ አብዛኛውን ጊዜ የሚያስፈልገው የመድኃኒት መጠን ማስተካከልና ለጥቂት ቀን ሥራውን ቀለል ማድረግ ነው፤ አዲስ የሕመም ፈቃድም አያስፈልግም።