የውኃ ውስጥ ሮቦት ኃይል ሲያጥረው፦ ብልሽትን በቅደም ተከተል ስለ መፈለግ

ከውኃ በታች የሚሠሩ ሮቦቶች ጠላቂ ዋናተኛ ሊደርስበት በማይችል ጥልቀት የባሕር ወለልን የሚቃኙ፣ የነዳጅ ቧንቧዎችንና የግድብ ግድግዳዎችን የሚፈትሹ፣ የሰመጡ መርከቦችን የሚመረምሩ መሣሪያዎች ሲሆኑ፣ ኤሌክትሪክ የሚያገኙትም በሁለት መንገድ ነው። በአሜሪካ የዉድስ ሆል የውቅያኖስ ጥናት ተቋም የሚያሰማራው ጄሰን ከመርከብ በተዘረጋ ረጅም ገመድ ኃይልና ትእዛዝ አብሮ ሲቀበል፣ የዚያው ተቋም ንብረት የነበረው ኔሪየስ ግን እ.ኤ.አ. በ2009 ቻሌንጀር ዲፕ ወደሚባለው የፓስፊክ ውቅያኖስ ጥልቅ ስፍራ 10,900 ሜትር ያህል ሲወርድ ኃይሉን ያገኘው በውስጡ ከያዛቸው የሊቲየም ባትሪዎች ነበር። ኃይሉ ከየትም ይምጣ፣ ባነሰ ወይም በተቋረጠ ጊዜ ባለሙያው መሣሪያውን ቀርቦ ሊያየው ስለማይችል፣ ብልሽቱን ማወቅ ከምልክቶች ተነሥቶ ወደ መንስኤው የሚሄድ ጥንቃቄ የተሞላበት ምርመራ ይጠይቃል።

የኃይል እጥረት ብዙ ጊዜ የሌላ ብልሽት መልክ ይዞ ይመጣል። ሞተሮቹ በሙሉ ጉልበት ሲነሡ የካሜራው ምስል ይጠፋል፣ ኮምፒውተሩ ጠፍቶ እንደገና ይነሣል፣ አቅጣጫ ጠቋሚው የተዛባ ንባብ ይሰጣል፤ ጥርጣሬውም በፕሮግራሙ ላይ ያርፋል። በትንንሽ ሮቦቶች ውስጥ በብዛት የሚገጠመው ራስፕቤሪ ፓይ የተባለው ኮምፒውተር ለምሳሌ በ5 ቮልት የሚሠራ ሲሆን፣ ቮልቴጁ ወደ 4.6 ገደማ ሲወርድ ማስጠንቀቂያ ይሰጣል፤ ከዚህ ይበልጥ ከወረደ ደግሞ ሥራው አስተማማኝ አይሆንም። መውረዱ ከሰከንድ ባነሰ ጊዜ ተከስቶ ሊያልፍ ስለሚችልም በተራ መለኪያ ላይ ሳይታይ ይቀራል።

የዚህ መውረድ ዋነኛ መንስኤ በቁጥር ሲታይ ግልጽ ነው። ቮልቴጅ ኤሌክትሪክን በሽቦ ውስጥ የሚገፋው ግፊት ነው፤ የፍሰቱ መጠን በአምፔር ይለካል፤ ሬዚስታንስ የሚባለው፣ ማለትም ሽቦው ፍሰቱን የሚያግድበት መጠን፣ በኦም ይለካል፤ በመንገድ የሚቀረውም ቮልቴጅ ፍሰቱ በሬዚስታንሱ ሲባዛ የሚገኘው ነው። 20 ሜትር ርዝመት ያለውና የእያንዳንዱ ሽቦ ውፍረት 2.5 ካሬ ሚሊሜትር የሆነ የመዳብ ገመድ፣ ኤሌክትሪኩ ደርሶ የሚመለስበት መንገድ 40 ሜትር ስለሆነ፣ 0.28 ኦም ያህል ሬዚስታንስ አለው። ከ12 ቮልት ምንጭ 10 አምፔር ሲያልፍበት 2.8 ቮልት በመንገድ ይቀርና ለሮቦቱ የሚደርሰው 9.2 ቮልት ብቻ ይሆናል። ያው ኃይል፣ ማለትም 12 ቮልት በ10 አምፔር ሲባዛ የሚገኘው 120 ዋት፣ በ48 ቮልት ቢላክ ግን ፍሰቱ 2.5 አምፔር፣ በመንገድ የሚቀረውም 0.7 ቮልት ስለሚሆን፣ ወደ ሙቀት ተለውጦ የሚባክነው ኃይል ከ28 ዋት ወደ 1.75 ዋት ይቀንሳል። ትልልቆቹ የባሕር ሮቦቶች በሺህ የሚቆጠር ቮልት በገመዳቸው ተቀብለው ከታች ዝቅ የሚያደርጉት በዚሁ ምክንያት ነው።

ከዚህ የሚመነጨው የመጀመሪያው የምርመራ ሕግ ልኬት ሁሉ መሣሪያው በሥራ ላይ ሳለ ይወሰድ የሚል ነው። ሞተሮቹ ቆመው ሳለ ፍሰቱ እጅግ ትንሽ ስለሆነ የተጎዳ ገመድ እንኳ ሙሉ 12 ቮልት ያሳያል። ሞተሮቹን በጠረጴዛ ላይ ማሽከርከርም በቂ አይደለም፤ ፕሮፔለር በአየር ውስጥ የሚገፋው ነገር ስለሌለ የሚስበው ኃይል ጥቂት ነውና። ሮቦቱ በገንዳ ወይም በበርሜል ውኃ ውስጥ በደንብ ታስሮ ሲሠራ ግን እውነተኛው ጉድለት ይገለጣል።

ሁለተኛው ሕግ ቅደም ተከተል ነው፤ ልኬቱ ከኃይል ምንጩ ተነሥቶ በፊውዝ፣ በገመድ፣ በማገናኛና በቮልቴጅ ቀናሽ በኩል እስከ ኮምፒውተሩ ይዘልቃል። ማገናኛ የተጠረጠረ እንደሆነ መልቲሜትር የተባለው የኤሌክትሪክ መለኪያ አንድ ጫፍ ከማገናኛው በፊት፣ ሌላው ከማገናኛው በኋላ በዚያው ሽቦ ላይ ይቀመጣል፤ ጤነኛ ማገናኛ ወደ ዜሮ የቀረበ ንባብ ይሰጣል። 10 አምፔር በሚያልፍበት ጊዜ ግማሽ ቮልት ከታየ በዚያች ትንሽ ቦታ 5 ዋት ሙቀት እየተፈጠረ ነው ማለት ነው፤ ስለዚህም ፕላስቲኩ ቀልጦ ወይም ጠቁሮ ሊገኝ ይችላል። በቀዝቃዛ ጥልቅ ባሕር ደግሞ የሊቲየም ባትሪ ውስጣዊ ሬዚስታንስ ስለሚጨምር፣ በሞቃት ክፍል ውስጥ የተሳካ ሙከራ ብቻውን ዋስትና አይሆንም።

ከገመድ፣ ከማገናኛና ከባትሪ ሌላ የሚጠረጠረው ውኃው ራሱ ነው። የውኃ ግፊት በየ10 ሜትሩ በአንድ የከባቢ አየር ግፊት ያህል ስለሚጨምር፣ በጎማ ማሸጊያ ቀለበት ላይ ያረፈች አንዲት ፀጉር እንኳ መግቢያ ልትከፍት ትችላለች። የባሕር ውኃ ኤሌክትሪክ ስለሚያስተላልፍ፣ ወደ ማገናኛ የገባው ጠብታ የአዎንታዊውን ዘንግ መዳብ እየበላ አረንጓዴ ዝገት ይተዋል። ከዚህም በላይ ውኃ በሽቦው ቀጫጭን ክሮች መካከል እየተሳበ ከሽፋኑ ሥር ሊጓዝ ስለሚችል፣ ርጥበት የተገኘበት ቦታ ሁልጊዜ የገባበት ቦታ አይደለም። ስለዚህ ሮቦቱ ከመጥለቁ በፊት አየር ኤሌክትሮኒክሱን ከያዘው የታሸገ ሣጥን በፓምፕ ተስቦ የግፊት መለኪያው ባለበት መቆየቱ ይታያል። የሽቦው ሽፋን የሚመረመርበት ሜገር ግን በመቶዎች የሚቆጠር ቮልት ስለሚያወጣ፣ ኤሌክትሮኒክሱ ሙሉ በሙሉ ሳይነቀል መጠቀም ጤነኛውን ክፍል ያቃጥላል።

መንስኤው ሲታወቅ መፍትሔው ይቀላል፤ ገመዱን ማወፈር ወይም ቮልቴጁን ከፍ ማድረግ፣ ለኮምፒውተሩ ከሞተሮቹ የተለየ ቮልቴጅ ቀናሽ መስጠት፣ ሞተሮቹ ቀስ በቀስ እንዲነሡ ማዘዝ ይቻላል። የተቃጠለን ፊውዝ በትልቅ መተካት ግን ጥበቃውን ወደ ሽቦው ራሱ ስለሚያዞር ከቶ አይገባም። ዕቃ እየቀያየሩ መሞከር ሮቦቱን ለጊዜው ያስነሣ ይሆናል እንጂ ችግሩ የት እንደ ነበረ አይናገርም፤ ከጥገናው በኋላ ያው ልኬት በዚያው ሁኔታ ተደግሞ ልዩነቱ በመዝገብ ሲሰፍር ግን ብልሽቱ መወገዱ ይረጋገጣል፤ ቀጣዩም ባለሙያ ሥራውን ከባዶ አይጀምርም።