ብርሃን በጥፍር ውስጥ ያልፋልን?

ጣትዎን በእጅ ባትሪ አፍ ላይ ቢያኖሩ ጥፍርዎ ቀልቶ ያበራል። ይህን ያየ ሰው ከፀሓይ የሚመጣው የማይታየው ጨረር እንደዚሁ ጥፍርን ሰንጥቆ የሚገባ ቢመስለው አይፈረድበትም። ነገሩ ግን እንደዚያ አይደለም።

አልትራ ቫዮሌት የሚባለውን ይህን ጨረር በአውሮጳ አቆጣጠር በ1801 ዓመተ ምሕረት ያገኘው ዮሐን ሪተር የተባለ ጀርመናዊ ነው። ከቀስተ ደመናው ሐምራዊ ቀለም ማዶ፥ ዐይን ምንም በማያይበት ስፍራ፥ የብር ጨው ፈጥኖ ሲጠቁር ተመለከተ። ከዚህ ጨረር ወደ ምድር የሚደርሱት ሁለቱ ዐይነቶች «ኤ» እና «ቢ» ናቸው።

ጥፍር ደግሞ እንደ በሬ ቀንድ ከኬራቲን የተሠራ፥ ሕይወት የሌለው፥ ውፍረቱም ግማሽ ሚሊ ሜትር ያህል የሆነ መሸፈኛ ነው። በ2011 በአሜሪካ አገር በተደረገ ልኬት «ቢ» ፈጽሞ ሳያልፍ ሲቀር፥ ከ«ኤ» ያለፈው ከ100 እጅ 3 እጅ እንኳ አልሞላም። ለዚህ ቀጭን ነገር የሚያስመሰግን ሥራ ነው።

ይሁን እንጂ ይህ ጥቂት ትርፍ ጉዳት የሚያደርስበት ጊዜ አለ። ዶክሲሳይክሊን የሚባለው መድኃኒት በቅማል ለሚተላለፈው ተስቦ ይታዘዛል፤ ወደ ቆላ የሚወርድ መንገደኛም ወባ እንዳይዘው ይወስደዋል። መድኃኒቱ በደም አማካይነት ከጥፍር ሥር ካለው ሥጋ ይደርሳል። ያ ሥጋ ከእጃችን ቆዳ ይልቅ ነጣ ብሎ መታየቱ የሚከላከልለት ጥቁር ቀለም ጥቂት ስለሆነ ነው። ስለዚህ ሾልኮ የገባው ጨረር ከመድኃኒቱ ጋር ሲገናኝ ሥጋው ይቆጣል፤ ጥፍሩም ከጫፉ ጀምሮ ይላቀቃል። ሐኪሞች ይህን ፎቶኦኒኮሊሲስ ይሉታል።

ብዙውን ጊዜ ሕመምተኛው ፈንገስ ነው ብሎ ቅባት ሲገዛ ይከርማል፤ ገንዘቡም ጊዜውም በከንቱ ያልቃል። ፈንገስ በዝግታ የሚሄድ፥ ጥፍሩንም የሚያወፍርና የሚያፈራርስ ነው። ይህኛው ግን መድኃኒቱ በተጀመረ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ብዙ ጣቶችን በአንድነት ይይዛል፤ አንዳንድ ጊዜም ያማል። አውራ ጣት ወደ ጎን ስለሚያዘነብል ፀሓይ እምብዛም አታገኘውምና ብዙ ጊዜ ይተርፋል።

እንግዲህ ዶክሲሳይክሊን የሚወስድ ሰው እጁን ከፀሓይ ይሸሽግ። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍ ያለች ናት፤ በየ1,000 ሜትሩም ጨረሩ ከ100 እጅ 10 እጅ ያህል ይበረታል። በጽሕፈት ቤት መስኮት አጠገብ የሚቀመጡም ቢሆኑ መስታወት «ቢ»ን እንጂ «ኤ»ን በሚገባ እንደማይከለክል ይወቁ። ጥፍሩ መላቀቅ ከጀመረ ለሐኪም መንገር እንጂ መድኃኒቱን በራስ ሥልጣን ማቋረጥ አይገባም። የተላቀቀውን መቁረጥ ነው እንጂ መንቀል አያስፈልግም፤ ጥፍር በወር 3 ሚሊ ሜትር ያህል ስለሚያድግ በግማሽ ዓመት ገደማ ይተካል።

በውበት ሳሎን ጄል የተባለውን የጥፍር ቀለም የሚያደርቀው መብራትም «ኤ»ን ይረጫል። በ2023 በካሊፎርኒያ በተደረገ ምርመራ በሳሕን ላይ ያደጉ ሕዋሳት ለ20 ደቂቃ ቢበራባቸው ከ100 እጅ ከ20 እስከ 30 እጅ ሞተዋል። እነዚያ ሕዋሳት ግን ጥፍርም ቆዳም ያልሸፈናቸው ነበሩ። ስለዚህ በመብራቱ ሥር ይበልጥ የሚያሳስበው ከጥፍር በታች ያለው ሳይሆን የተገለጠው የእጅ ቆዳ ነው፤ ለዚህም ጣቱ ጫፍ ላይ የተቆረጠ ጓንት ይበቃል። ዶክሲሳይክሊን የጀመረች ሴት ግን መድኃኒቱን እስክትጨርስ ድረስ እጇን ወደዚያ መብራት ባታስገባ ይሻላል።